ያዋጣል ያልኩት ከሰል

ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ ስመለስ አውቶቡሳችን ደጀን ላይ ለምሳ ቆመ። አስፋልቱ ዳር ያ የድንጋይ ከሰል ክምር አሁንም አለ። ሣር በቅሎበታል፤ አንዲት ፍየል ጫፉ ላይ ወጥታ ትግጣለች። ከክምሩ አጠገብ የተቀቀለ ድንች የሚሸጡት የይበልጣል እናት፣ እትዬ የዝብዓለም፣ ገና ከሩቅ አወቁኝ።

ከዩኒቨርሲቲ የተመረቅሁ ዓመት፣ ሥራ እስካገኝ፣ እዚሁ እናቴ ቤት ተቀምጬ ነበር። አብሮ አደጌ ይበልጣል ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተደራጅቶ ከአባይ በረሃ ከሰል እየቆፈረ በአህያ ወደ አስፋልቱ ያወጣ ነበር። እወደው ነበር። ይህን ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሱም ጭምር።

ጥር ላይ፣ እህሉ ተወቅቶ ሲያበቃ፣ አምስቱም ደጃችን መጡ።

"አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስኪ አስይልን" አለኝ ይበልጣል። "አባይ ማዶ ያለው ሲሚንቶ ፋብሪካ ድረስ በመኪና ብናደርሰው ያዋጣል? ካላዋጣ እኔ ወደ መተማ መሄዴ ነው።"

ሁለት ቀን አሰላሁ። ፋብሪካው ከውጭ የሚገዛው ከሰል ከወደብ የሚመጣው በባቡር ነው፤ ባቡር ብዙውን ባንዴ ጭኖ በርካሽ ያደርሳል። በእኛ በኩል ሐዲድ የለም። መኪና ደግሞ አባይን ወርዶ ለመውጣት የሚጠይቀው ኪራይ ትርፉን ጠራርጎ ይበላዋል። ባሕር ተሻግሮ የመጣው ከሰል እኛ አፍንጫ ሥር ከተቆፈረው ይረክስ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ተመልሰው መጡ። ወረቀቴን ይዤ አንገቴን ደፋሁ።

"ተናገሪ እንጂ! ያን ሁሉ ዓመት ያስተማሩሽ ማፈር ነው እንዴ?" አለ አንዱ። ሳቁ።

ይበልጣል አልሳቀም። ከሰል የገባበትን ጥፍሩን እያየ ይጠብቅ ነበር። አየሁትና "ያዋጣል" አልኩ።

በሬውን ሸጦ መኪና ተከራየ። በአራተኛው ቀን ባዶ እጁን ተመለሰ፤ ፋብሪካው የከፈለው ኪራዩን እንኳ አልሸፈነም። የቀረው ከሰል እንደተከመረ ቀረ። ጓደኞቹ እኔን መውቀስ ሲጀምሩ "ተዉዋት! እሷ አልተሳሳተችም፤ የፋብሪካው ሰዎች ናቸው ዋጋ የሰበሩት" ብሎ ሲቆጣ በራችን ሥር ቆሜ ሰማሁት። ወጥቼ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አልወጣሁም። በሳምንቱ ሄደ። ሱዳን ገባ አሉ፤ እዚያ ጦርነቱ ከተነሣ ወዲህ ድምፁን የሰማ የለም።

ሰው ጠንቃቃ ነሽ ይለኛል። እውነት ነው፤ ያን ጊዜም ስሌቱን አልሳትኩም።

"ልጄ፣ ምነው ፈዘዝሽ?" አሉኝ እትዬ የዝብዓለም፣ ድንቹን በወረቀት እየጠቀለሉ። "ይበልጣል እኮ 'እሷ ያለችው አይሳሳትም' ይል ነበር። እስኪ አንቺ ንገሪኝ፤ ይመጣል?"

አውቶቡሱ ጡሩምባውን ነፋ። ዓይናቸው ዓይኔ ላይ ነበር።

"ይመጣል፣ እትዬ" አልኳቸው።

ፊታቸው በራ። የምርቃት ብለው አንድ ድንች ጨመሩልኝ። መቀመጫዬ ላይ ሆኜ በነጠላዬ ጠቅልዬ ያዝኩት፤ ደብረ ማርቆስ ስደርስ ሳልቀምሰው ቀዝቅዞ ነበር።