የተማሪዬ አውራ ጣት

አሁን አሁን «ቴክኖሎጂ ትምህርትን አቀለለው» ሲባል ደሜ ይፈላል። በቅርቡ ስብሰባ ላይ አንድ ወጣት ባልደረባዬ ትምህርቱን በስልክ የላከላቸው ተማሪዎች መቶ በመቶ ተከታትለዋል አለ። «በምን አወቅክ?» አልኩት። «አይተውታል፣ ምልክት ያሳያል» አለኝ። ልጁን ማሳፈር አልፈለግኩም እንጂ የምለው ነበረኝ።

በኮሮና ጊዜ ነው። ጅጅጋ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ አስተምር ነበር። የስልክ ግሩፕ ክፈቱና በዚያ አስተምሩ ተባልን። ዕድሜዬን ሙሉ የጠመኔ አቧራ ስውጥ የኖርኩ ሴትዮ፣ ስልኬን የስኳር ጣሳ ላይ አስደግፌ ብቻዬን መለፍለፍ ጀመርኩ። ክፍል ውስጥ ቢሆን ግራ የገባውን ልጅ ፊቱን አይቼ አውቀዋለሁ። እዚህ የማን ፊት ልይ?

አንዲት ሶማሌ ተማሪ ነበረችኝ፤ እናቷ ገበያ ውስጥ ሩዝና የዱቄት ወተት ይሸጣሉ። ጭንቅላቷ እሳት ነው። ያልገባት ነገር ካለ ደወል ተደውሎም አትለቀኝም፣ በር ላይ ይዛ ታስቆመኛለች። ከቤታቸው ሚኒስትሪ ለመፈተን የመጀመሪያዋ እሷ ነበረች። ግሩፑ ላይም ትምህርት በላክሁ ቁጥር ከማንም ቀድሞ ከእሷ ስልክ የአውራ ጣት ምልክት ይመጣልኛል። ጥያቄ አለመጠየቋ ትንሽ ገርሞኝ ነበር። ቢሆንም ርዕሰ መምህሩን «የእሷስ ነገር አያሳስብም» አልኳቸው፤ እኔም ድምፃቸው የጠፋውን ሌሎቹን ልጆች ቤት ለቤት እየዞርኩ ስጨቀጭቅ ከረምኩ።

የፈተናው ምዝገባ ደረሰ። ተማሪው ራሱ መጥቶ መፈረም ነበረበት። እሷ አልመጣችም። ግሩፑ ላይ ደጋግሜ ጻፍኩ፤ አውራ ጣት መጣ። ለብቻዋም ጻፍኩላት፤ አሁንም አውራ ጣት። እንግዲህ አንብባዋለች፣ ትመጣለች ብዬ ተውኩት። ምዝገባው ተዘጋ።

በማግስቱ በንዴት ጦፌ ገበያ ወረድኩ። እናቷ ሲያዩኝ ፊታቸው በራ። ጆንያ ላይ አስቀምጠው ሻይ በወተት አዘዙልኝ።

«ሆዮ፣ ልጅቷ የት ሄደች?» አልኳቸው። በሶማሊኛ እናት ማለት ነው፤ እዚህ ገበያ ውስጥ ሁላችንም እንዲያ ነው የምንጠራቸው።

«ቶጎጫሌ ናት እኮ። አክስቷ ወለደች፣ ሱቋን የሚይዝላት ጠፋ። ትምህርት እንደተዘጋ ሄደች።»

«ታዲያ በስልክ የሚመልስልኝ ማነው?»

«እኔ ነኛ» አሉኝ ደስ ብሏቸው፣ ስልኩን ከጉያቸው አውጥተው እያሳዩኝ።

ክው አልኩ። ማንበብ አይችሉም፤ የእኔም ሒሳብ አይገባቸውም። «ስትሄድ አልቅሳ ነበር» አሉኝ። «‹ቦታዬ ይወሰዳል› አለች። ‹አይዞሽ፣ እኔ አለሁ› አልኳት። ይሄን ጣት አሳየችኝ። ቲቸር ተናግሮ ዝም ይባላል እንዴ? ነውር ነው። ገበያተኛ እንኳ ቢቆም ላንቺ ሳልመልስ አልሸጥለትም።»

የገበያውን ሥርዓት አውቀዋለሁ፤ ተወልጄ ያደግኩበት ከተማ ነው። አንዷ ስትሄድ ጎረቤቷ ለደንበኛው ትመልስላታለች፣ ትሸጥላታለች። ቦታውን ማንም አይነካባትም። እሳቸውም ለልጃቸው ያደረጉት ይህንኑ ነው። ልቆጣ መጥቼ የምቆጣው ሰው አጣሁ። አንጀቴን በሉት። ያን ሁሉ ቀን የመለሱልኝ እዚሁ፣ ከእኔ ጥቂት መንገድ ርቀው ነው፤ አንድ ቀን ብቅ ብዬ ብጠይቅ ኖሮ ልጅቷን ከዚያች የድንበር ከተማ በሚኒባስ ማስመጣት ይቻል ነበር።

«ሆዮ፣ ምዝገባው አልፏል» አልኳቸው። «ዘንድሮ አትፈተንም።»

የገባቸው አልመሰለኝም። ስልኩን ወደ እኔ አስጠጉና የላኩልኝን ጣቶች አንድ በአንድ ወደ ላይ እየገፉ ያሳዩኝ ጀመር።

«አንድም አላስቀረሁም እኮ፣ ቲቸር» አሉኝ። «ልጄ አላለፈችም?»