ፍየሎቹን ያወፈረው ተክል

መጀመሪያ የመጣው ሳል ነው። ደረቅ ሳል። አዋሽ ላይ አቧራ የማያስለው ሰው የለምና ማንም ልብ አላለውም። ወር ሲሞላው ከሰዓት በኋላ ያተኩሰኝ ጀመር፤ ጠዋት ስነቃ አንሶላዬ እርጥብ ነው። የትምህርት ቤት ቀሚሴ ሰፋኝ። ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ።

ጤና ጣቢያው አክታዬን መርምሮ ሳንባ ነቀርሳ ነው አለ። ነርሷ ሲስተር አልማዝ ካርዴ ላይ እየጻፈች፣

«ስትሬፕቶማይሲን ሁለት ወር በየቀኑ ትወጊያለሽ። ክኒኑ ግን ዓመት ሙሉ ነው። ቢሻልሽም ዓመት ሙሉ። ገባሽ?» አለችኝ።

ገብቶኛል አልኩ። አልገባኝም ነበር።

እናቴ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት አላት። ወንድሟ፣ አጎቴ ሰይድ፣ ወደ አሰብ የሚመላለስ የጭነት መኪና ሾፌር ነው። አንድ ቀን ሰመራ ሜዳ ላይ ጎማ ሲቀይር፣ ዝናብ ካባራ በኋላ አሸዋው ላይ በበቀለ ተክል የአፋሮቹ ፍየሎች ሲሻሙ አየ። ደልበዋል፣ ጡታቸው ሞልቷል። ተክሉን ከነሥሩ ነቅሎ በከረጢት አመጣልን። መሬት ለመሬት የሚሳብ፣ ግራጫ ጸጉር የለበሰ፣ ቅጠሉ እንደ ግራር ደቃቅ፣ ፍሬውን እንደ አተር በሽፋን የሚይዝ ነው።

«ፍየል እንዲህ ካወፈረ ዘሃራንማ በር ነው የሚያስጠብባት!» አለ አጎቴ ወደ እኔ እያየ።

እናቴ ከቀበሌ በራሽን ባገኘችው ስኳር እያፈላች አጠጣችኝ። ስኳሩም መራራነቱን አላሸነፈውም።

በሦስተኛው ወር ወፈርኩ። ሳሉ ጠፋ። ምስጋናው ሁሉ ለተክሉ ሆነ። ክኒኑ ያቅለሸልሸኝ ስለነበር ተውኩት። እናቴም «ወላሂ፣ ከተሻለሽ ምን ያደርግልሻል» አለች።

ክኒኑን ከተውኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጥቁር ሰሌዳው ፊት ቆሜ ሳል ያዘኝ። መሐረቤን አየሁ። ደም ነው። ብዙ አይደለም። ግን ደም ነው።

እናቴ መሐረቡን አጠበችው። ደግማ አጠበችው። ከዚያ ሻይ ቤቱን ዘግታ ጤና ጣቢያ ይዛኝ ሄደች።

ሲስተር አልማዝ የፍየሎቹን ታሪክ እስከ መጨረሻው ሰማች።

«እትዬ መሬማ፣ ፍየሎቹ ሳንባ ነቀርሳ ነበረባቸው እንዴ?»

እናቴ እያለቀሰች ሳቋ አመለጣት። ሲስተር ግን አልሳቀችም። «ያወፈራት መድኃኒቱ ነው። በዚህ ተክል ወገን ውስጥ መርዝ ያለበትም አለ። መድኃኒት ሲቋረጥ በሽታው ይለምደዋል። አሁን ይሥራ አይሥራ አላውቅም። ከሦስት ወር በኋላ አክታዋን እናያለን።»

ሦስት ወር። እንደገና መርፌ። እንደገና ክኒን።

ተክሉን መጠጣቱን ትቼ፣ ከረጢቱ ውስጥ የቀረውን ዘር በወተት ጣሳ ዘራሁት፤ በጭራሽ አልበቅል ስላለ የሳይንስ መምህራችንን ጠየቅኳቸው፣ እሳቸውም ወገኑ አስትራጋለስ እንደሚባልና የዘሩ ቅርፊት ጠንካራ ስለሆነ ድንጋይ ላይ ፈግፍጌ ውኃ ውስጥ እንዳሳድረው ነገሩኝ። በሳምንቱ ሁለት ቡቃያ ወጣ። አንዱን ቶሎ እንዲያድግልኝ ብዬ ወደ ግቢው ባዛውረው ሥሩ ረጅም ኖሮ ተበጠሰና ደረቀ፤ ሌላውን አልነካሁትም፣ ክኒኔን እየዋጥኩ ውኃ ጠብ ሳደርግለት ጣሳውን ሞልቶ ወደ ውጭ ተንጠለጠለ።

በሦስተኛው ወር ሲስተር አልማዝ የላብራቶሪውን ወረቀት ሁለቴ አነበበችው። «ንጹሕ ነው» አለች። «ዘጠኝ ወር ይቀርሻል።» አንድም ቀን አላጎደልኩም።

ይህን የምታነቡ ሕመምተኞች፣ ሲሻላችሁ ነው መጠንቀቅ። የምትጠጡትን ሁሉ ለነርሷ ንገሯት። ትስቅብኛለች ብላችሁ አትፍሩ፤ የእኔዋ ቀልዳብኛለች፣ አድናኛለችም። እሷን አላህ ያክብርልኝ። እናቴንም፤ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ክኒን ስውጥ አፌን ከፍታ አይታለች።

የመጨረሻውን ክኒን በዋጥኩ ሳምንት አጎቴ መኪናው ላይ አሳፍሮ ሰመራ ወሰደኝ። ጣሳዬን ታቅፌ ነበር። ፍየል የምትጠብቅ አፋር ሴት አይታኝ፣ «ይሄ እዚህ ሞልቶ የለ? ከአዋሽ ድረስ ለምን ተሸከምሽው?» አለችኝ።

«ለባለቤቱ ልመልስ» አልኳትና ጣሳውን መሬት ላይ አስቀመጥኩት። አንዲት ነጭ ፍየል መጥታ በሦስት ጉርሻ ጨረሰችው።