የወንድሜ ሁለተኛ ትምህርት

በወንድሜ ስም ስልክ እደውል ነበር። ከዚህ ልጀምር። ሌላ መጀመሪያ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም።

ወንድሜ አገር ቤት ስምንት ዓመት ፊዚክስ አስተምሯል። ቶሮንቶ ስንመጣ እኔ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። እኔ ሃይስኩል ገባሁ፤ እሱ ሬክስዴል አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን መጫን ጀመረ። ቤታችን ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ ሰባተኛ ፎቅ ላይ ነው። አሁንም እዚያው ነኝ።

እዚህ አገር ሃይስኩል ለማስተማር ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ላይ ደግሞ ሁለት የትምህርት ዓይነት መመዝገብ አለበት፤ አንድ አይበቃም። ፊዚክሱ አላስቸገረም። ሁለተኛው ሒሳብ እንዲሆንለት ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት አመለከተ። ዩኒቨርሲቲ ሳለ የወሰዳቸው የሒሳብ ኮርሶች ይበቃሉ ወይስ አይበቁም? ጥያቄው ይኸው ነበር። ሦስት ዓመት ፈጀ።

ወንድሜ እንግሊዝኛ ከእኔ ይበልጥ ያውቅ ነበር። ያስተማረውም በእንግሊዝኛ ነው። ስልክ ላይ ግን የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ፓርደን?» ይሉታል። ሦስተኛው «ፓርደን» ላይ ስልኩን ለእኔ ያቀብላል። በኋላ ከመጀመሪያውም እኔ እንድደውል አደረገ።

«እኔ ነኝ በላቸው» አለኝ።

«ውሸት አይሆንም?»

«ቃሉ የእኔ ነው። አንተ ማይክሮፎን ነህ። ማይክሮፎን ሲዋሽ ሰምተህ ታውቃለህ?»

አጠገቤ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ ይቀመጣል። ጆሮውን አስጠግቶ ይሰማና የምመልሰውን ይጽፍልኛል። ስቸኩል «ቀስ» ብሎ ይጽፍና ሁለት ጊዜ ያሰምርበታል። የፋይል ቁጥሩንና የትውልድ ቀኑን በቃሌ ይዣቸው ነበር። የራሴን ያህል።

ትራንስክሪፕቱን መጀመሪያ ያስመጣነው በሰው እጅ ነበር፤ በፖስታ ከመጣ ይጠፋል ብለን። አገር ቤት ያለችው እናቴ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄዳ ሦስት ቀን ተመላልሳ አስወጣችው። ወደ ካናዳ ለሚመጣ ሰው አደራ ብላ ሰጠችው። ሰውየውም ሻንጣ ውስጥ አልከተተውም፤ ኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ደረቱ ላይ ይዞት መጣ። መሥሪያ ቤቱ አልቀበልም አለ። ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ፣ ታሽጎ፣ በማንም እጅ ሳያልፍ መምጣት አለበት አሉ።

ይህን ለእናቴ ማስረዳት ከባድ ነበር።

«በእኔ እጅ ስላለፈ ነው የረከሰው?» አለች።

በዚህ ምክንያት አንድ ዓመት ሄደ። እሱ ዓመቱን ዝም ብሎ አላሳለፈም፤ ሒሳብ ማስተማር በእኔ ላይ ይለማመድ ነበር። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ተማሪ እኔ ብቻ ነኝ፤ እሱ ግን «ከኋላ ያላችሁ፣ ዝም በሉ!» ይላል። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲው በቀጥታ ላከ፤ ደረሰም። ግምገማ ላይ ነው ተባልን።

በረዶው ሳይቀልጥ፣ አንድ ጠዋት ከሺፍት ሲመለስ፣ ወንድሜ አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ወደቀ። ልቡ ነው አሉኝ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ለቅሶ የመጡት ሰዎች ሲሄዱ መቀመጥ አቃተኝ። ሊፍት መጠበቅ አልቻልኩም፤ አሥራ ሰባቱን ፎቅ በእግሬ እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ። ጄራርድ ጎዳና ላይ ስትሪትካር የሚሉትን የመንገድ ባቡር እሳፈርና የትም ሳልደርስ እወርዳለሁ። በዚህ መሀል ደብዳቤ መጣ። ግምገማው አልቋል፣ ውጤቱ አካውንትዎ ውስጥ ተቀምጧል ይላል። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር።

እናቴ እሑድ እሑድ ትደውላለች። መሞቱን ብታውቅም ከሰላምታ በፊት «ፈቀዱለት?» ትላለች። መልሱን የፈለገችው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ። ትራንስክሪፕቱን ስንጠብቅ የሄደችው ዓመት በእሷ እጅ የጠፋች ይመስላታል።

እሱ ነኝ ብዬ ብደውል ይነግሩኛል። እውነቱን ብናገር አይነግሩኝም። ይህን እያወቅኩ ነው የደወልኩት። ከልማድ የተነሳ ወረቀትና እስክሪብቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ።

ስልኩን ያነሳችው ሴት የፋይል ቁጥር ጠየቀች። ሰጠሁ። የትውልድ ቀን ጠየቀች። ሰጠሁ።

«ዛሬ እንዴት ነዎት?» አለችኝ።

ለወትሮው ይህን ሳላስብ ነበር የምመልሰው። ደህና ነኝ ልል አፌን ከፈትኩ። በእሱ ስም ደህና ነኝ ማለት አቃተኝ።

«ሄሎ? ይሰሙኛል?»

«ወንድሙ ነኝ» አልኩ። «እሱ ሞቷል። እስካሁንም የምደውለው እኔ ነበርኩ።»

አዘነችልኝ። ከዚያ የሞት ማስረጃ እንድልክ፣ ሲደርሳቸው ፋይሉ እንደሚዘጋ ነገረችኝ።

«ውጤቱን ብቻ ንገሪኝ። የሒሳቡን።»

«መንገር የምችለው ለአመልካቹ ብቻ ነው።»

«አመልካቹ እኮ…» አልኩ።

«አውቃለሁ» አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችም። እኔም አልዘጋሁም።

እሑድ እናቴ ደወለች።

«ምን አሉህ?»

«አልነገሩኝም።»

«ለምን?»

«እሱን ብሆን ይነግሩኝ ነበር።»

መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ። «እማ?»

«አለሁ። በእኔ እጅ ያለፈው ነው እንዴ?»

«አይደለም እማ። ያ ነገር ተስተካክሏል ብዬሻለሁ እኮ።»

«እንግዲያው ደግመህ ደውል። ሌላ ሰው ያነሳው ይሆናል። ያኔ እሱ ነኝ በል።»

አልደወልኩም። ማስረጃው ሁለት ሳምንት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠ። እኔ ደረጃውን ስወጣ ስወርድ ነበርኩ። አንድ ቀን ስወርድ ይዤው ወረድኩና ፖስታ ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

«ደወልክ?» አለች እናቴ በሳምንቱ።

«የሞቱን ማስረጃ ላክሁት እማ።»

«በማን እጅ?»

«በፖስታ።»

«ቢጠፋስ?»

ቢጠፋ ፋይሉ እንደተከፈተ ይቆያል ብዬ አሰብኩ። ስልኩን እንደያዝኩ ወደ ደረጃው ወጣሁ።