ይበልጣል ሞተ የተባለበት እሑድ

ይህ የሆነው አምና በሐምሌ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ውስጥ። ለሰው ሳወራው ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ ይስቃሉ። እኔም አልከለክላቸውም፤ መጨረሻውን ሲሰሙ ራሳቸው ያቆማሉ። እስከ ዛሬ ድረስ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ስለ ተከታታይ ፊልም እያወራ "ሞተ" ሲል ከሰማሁ ተነሥቼ እወጣለሁ። ነገረኛ ናት ይሉኛል። ይበሉ።

እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። ለሥራ ወደ ባሕር ዳር መጥቼ አንድ ኮሌጅ ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ሆኜ እሠራለሁ። የግቢው ባለቤት እማማ የሺ ይባሉ ነበር። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፣ ደም ግፊት አለባቸው፣ ከሥራ ስገባ ከሰላምታ በፊት "በላሽ ወይ?" የሚሉኝ ሰው ነበሩ። አንድ ልጅ ብቻ ነው ያላቸው፤ ስሙ ይበልጣል። ይበልጣል ጣና ላይ የሞተር ጀልባ ይነዳል፤ ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ደሴት ሰውና ዕቃ ያመላልሳል። ከእኔ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ደግሞ ሀብታሙ የሚባል ሞባይል ጠጋኝ ተከራይቶት ነበር።

ነገሩ የመጣው በሀብታሙ በኩል ነው። ኢንተርኔት በተዘጋባቸው ወራት የሰፈሩ ወጣት ሁሉ ፍላሽ ይዞ እሱ ሱቅ ነበር የሚሰለፈው። ያኔ ከተገለበጡት ፊልሞች አንዱ ስለ ሕዋ የተሠራ ተከታታይ ነው። ምድር ሰው የማይኖርባት ሆና፣ የተረፉት በአንድ ትልቅ መንኮራኩር ተሳፍረው ሌላ ዓለም ፍለጋ ይሄዳሉ። ታሪኩ ይኸው ነው። እኛን ያሳበደን ግን ታሪኩ ሳይሆን ተርጓሚው ነው።

ፊልሙን በአማርኛ የሚተርክልን ሰው የከተማችን ልጅ ነው። የካፒቴኑን ስም መጥራት አቃተው። በመጀመሪያው ክፍል ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ምላሱ ሲታሰርበት፣ "ይህን ስም ያወጣችለት እናቱ ትጥራው፤ እኛ ይበልጣል ብለነዋል" አለና በዚያው ቀጠለ። መንኮራኩሯን "ጀልባዋ" ይላታል። ሕዋውን ደግሞ "ሐይቁ"። በቀልድ የተጀመረው ነገር ስም ሆኖ ቀረ፤ ከእኛ መካከል ካፒቴኑን በሌላ ስም የሚያውቀው አልነበረም። ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር "ይበልጣል ትናንት ጉድ ሠራ"፣ "ጀልባዋ ተበሳች አሉ" ይባባላሉ።

የግቢያችን ይበልጣል በዚህ በጣም ነበር የሚደሰተው። "ስሜን ሰማይ አወጡት" እያለ ይኩራራል። ተሳፋሪዎቹም ካፒቴን ይሉት ጀመር። እማማ የሺ ግን ስለ ፊልሙ ምንም አያውቁም። ተሰብስበን ስናይ ብቅ ብለው "ደግሞ ያን ቆርቆሮ የለበሰ ሰውዬ ልታዩ ነው?" ይሉንና ይሄዳሉ። እሳቸው ቴሌቪዥን የሚከፍቱት ለቅዳሴ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ክፍል የደረሰን ይበልጣል በሌለበት ነው። የሐምሌ ሥላሴን የሚሳለሙ ሰዎች ይዞ ወደ ደቅ ሄዶ ነበር። እሑድ ከሰዓት በኋላ እንደሚመለስ ለእናቱ ነግሯቸዋል። ለእኛ ደግሞ "ቢደርሳችሁም ሳልመጣ እንዳታዩ" ብሎን ነበር፤ ማን ይታገሣል።

እሑድ ከቀትር በኋላ ብርቱ ነፋስ ተነሣ። እማማ የሺ በረንዳቸው ላይ ምስር እየለቀሙ አሥሬ ቀና እያሉ ሰማዩን ያያሉ። "ይኸ ነፋስ ደግ አይደለም" አሉኝ ሳልፍ። "ይበልጣል ሐይቁን ያውቀዋል፤ ሲበርድለት ይነሣል" አልኳቸውና ሀብታሙ ክፍል ገባሁ። ሰባት ስምንት ሆነን አልጋውም ላይ መሬቱም ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን።

መጨረሻው ክፉ ነበር። መንኮራኩሯ ተሰነጠቀች። ሌሎቹ በትንንሽ ማምለጫዎች ሲወጡ አንድ ሰው ቀርቶ መሪውን መያዝ ነበረበትና ካፒቴኑ ቀረ። ተርጓሚው ራሱ ድምፁ ተቆራረጠ። "ይበልጣል ወንድሜ፣ ከጀልባህ ጋር ሄድህ፤ እኛ ምን አፍ አለን" አለ። ክፍሉ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ እንደየጠባዩ ሆነ። አንዱ የፊልሙን ደራሲ ረገመ። አንዷ ተርጓሚው ተሳስቶ ነው እንጂ አልሞተም ብላ ተከራከረች። እኔ አለቀስኩ፤ ስንት ወር አብሮን የከረመ ሰው ነው፤ አላፍርበትም።

በዚህ መካከል ማክሰኝት የሚኖር የሀብታሙ ጓደኛ ደወለ። እሱም የፊልሙ ሱሰኛ ነው፤ የመጨረሻው ክፍል ገና አልደረሰውም። ሀብታሙ ድምፁ አልሰማ ስላለው ወደ ግቢ ወጣ። መስመሩ ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ይጮሃል። "ይበልጣል ሞተ። ሞተ ነው የምልህ። ጀልባዋን ትቼ አልወጣም ብሎ አብሮ ሰጠመ።"

እኛም ዓይናችንን እየጠረግን ተከትለነው ወጣን። እማማ የሺ እኛን አዩን፣ ሀብታሙን አዩት። ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ።

የዚያን ጩኸት ነገር መናገር አልችልም። መሬት ላይ ወድቀው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። ሮጠን ያዝናቸው። "እማማ፣ የእርስዎ ልጅ አይደለም። ፊልም ነው። የፊልሙ ሰውዬ ነው ይበልጣል የሚባለው" አልኳቸው።

ቀና ብለው አዩኝ። "ፈረንጅ ይበልጣል ይባላል?" አሉኝ።

"ተርጓሚው ያወጣለት ስም ነው" አልኳቸው፤ ለራሴም ውሸት ውሸት ሸተተኝ።

"የአባቱ ጊዜ 'ሆስፒታል ተኝቷል፣ እየተሻለው ነው' እያላችሁ ከረማችሁ። አፈር ከለበሰ በኋላ ነው የሰማሁ። አሁን ደግሞ ፊልም አላችሁኝ" አሉ። የሚናገሩት ለእኔ ብቻ አልነበረም፤ ጩኸቱን ሰምቶ ለተሰበሰበው ጎረቤት ሁሉ ነው።

በእኛ አገር ሞት እንደ መጣ አይነገርም። መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ነው የሚረዳው። እስከዚያ "ትንሽ አሞት ነው"፣ "ደኅና ነው" ማለት ነውር የለውም፤ ደግነት ነው። ስለዚህ "አልሞተም" ባልን ቁጥር እማማ የሺ ይበልጥ አመኑ። በሥላሴ ማልኩላቸው። ጭራሽ ባሰባቸው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መግባት ጀመሩ። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ መኮንንም መጡ። እጄን ይዘው ወደ በሩ ወሰዱኝና ዝቅ ባለ ድምፅ "እስቲ ለእኔ እውነቱን ንገሪኝ፤ አስከሬኑ ተገኝቷል?" አሉኝ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አስረዳኋቸው፤ ስለ ተርጓሚው፣ ስለ ስሙ፣ ስለ ጀልባዋ። በጽሞና ሰሙኝ። ስጨርስ ራሳቸውን ነቀነቁና "ይሁን፤ መልካም ነው። እስከ ነገ ጠዋት በዚሁ ያዟት። ብቻ ቃላችሁ አንድ ይሁን" አሉኝ። ፀጉሬን መንጨት ነበር የቀረኝ።

ወደ ይበልጣል የማይደውል ሰው አልነበረም። ደቅ ላይ ኔትወርክ እንደ ዕድል ነው፤ የምትመልስልን ያቺ የተቀዳች ሴትዮ ብቻ ናት። ጀልባ መነሻው ጋ ሰው ላክን። ከነፋሱ ወዲህ ከደቅ የገባ ጀልባ የለም፣ ተነሥቶ ይሁን አልተነሣ አናውቅም የሚል መልስ መጣ። ይህን ለእማማ የሺ ማን ይንገራቸው? ማንም አልነገራቸውም።

ፊልሙን እናሳያቸው ያለው ሀብታሙ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል፤ የሚይዝ የሚጨብጠውን አጥቷል። የሳቸው ፍላሽ ስለማይቀበል የራሱን ቴሌቪዥን ተሸክሞ ለቅሶ የሞላው ሳሎናቸው ውስጥ አስቀመጠና ፍላሹን ሰካ። ዋይታው በረደ። ያ ሁሉ ለቀስተኛ፣ ነጠላ ያዘቀዘቀው፣ ኩታ የለበሰው፣ የመንኮራኩሯን መሰንጠቅ ዓይኑን ተክሎ ያይ ጀመር። ተርጓሚው "ይበልጣል ወንድሜ" ሲል አንዲት አሮጊት ምርር ብለው አለቀሱ።

እማማ የሺ ግን አላለቀሱም። መስተዋት ቆብ ያጠለቀውን ሰውዬ ትክ ብለው አዩት።

"ይኸ ነው ይበልጣል?" አሉ።

"አዎ እማማ፣ ይኼ ነው የሞተው" አለ ሀብታሙ።

"የኔሳ?"

"ደቅ ነው ያለው።"

"ማን አዬው?"

ሀብታሙ እኔን አየኝ። እኔ ጋሽ መኮንንን አየሁ።

"የእናንተው ሲሞት አያችሁት፤ አለቀሳችሁለት" አሉ እማማ የሺ። "የኔን ልጅ ማን አዬልኝ?"

አሁን አምነውን ነበር። ፊልሙ ፊልም መሆኑ ገብቷቸዋል። እኛ ግን ስለ ልጃቸው የምናውቀው አንዳች ነገር እንደሌለ በዚያው ቅጽበት ገባቸው፤ ለእኛም ያኔ ነው በደንብ የገባን። ነፋሱ የቆርቆሮውን ጣራ ይደበድባል። ተነሥተው መቀነታቸውን አጠበቁና ወደ ሐይቁ መንገድ ጀመሩ። ብንለምናቸውም አልተመለሱም፤ እኛም ተከተልናቸው።

ጣና ያን ቀን ጭቃ መስሎ ነበር። ማዕበሉ የታሰሩትን ጀልባዎች እርስ በርስ ያጋጫቸዋል። እማማ የሺ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዓይናቸውን ወደ ደቅ አቅጣጫ ተከሉ። ጋቢ ደረብንላቸው፤ አልተሰማቸውም። ከጎናቸው ቁጭ አልኩ። ስለ ይበልጣል ልጅነት ትንሽ ነገር አወሩኝ፤ ዋና የተማረ ለት እንዴት እንደ ገረፉት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ንግግራቸው መንተባተብ ጀመረ። የደከማቸው መስሎኝ ነበር። ወደ እኔ ዘንበል ሲሉ አፋቸው በአንድ ወገን ተጣሞ አየሁ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስናቸው። ጭንቅላታቸው ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። ሐኪሞቹ የሚችሉትን ሞከሩ። ሳይነጋ ዐረፉ።

ሰኞ ጠዋት ሰማዩ ጠርቶ ሐይቁ ተኛ። ጋሽ መኮንን ይበልጣል የእናቱን መርዶ ከጀልባ ጠባቂ አፍ እንዳይሰማ ፈሩና ሀብታሙንና እኔን ይዘው ወደ ዳር ወረዱ። "ቤት እስኪገባ ማንም ትንፍሽ እንዳይል" አሉን በመንገድ ላይ።

የይበልጣል ጀልባ ረፋድ ላይ ታየች። ተሳላሚዎቹ እየዘመሩ ነው የመጡት። ይበልጣል ከኋላ ቆሞ ሞተሩን ይዞ ነበር፤ እኔንና ሀብታሙን ከሩቅ ለየንና እጁን አወዛወዘ። ጀልባዋን አስጠግቶ ገመዱን ወረወረና ገና ሳይወርድ "በማርያም እንዳትነግሩኝ" አለ። "ነፋሱ ደቅ ላይ አስሮኝ ነው ያመለጠኝ። ዛሬ ማታ ራሴ አያለሁ።"

ሀብታሙ ፊቱን አዞረ። እኔ ራሴን መያዝ አልቻልኩም፤ እንባዬ መጣ።

ይበልጣል ሳቀ። "ሞቷል ማለት ነው። ፊትሽ ነገረኝ እኮ። ለፊልም እንዲህ ይለቀሳል?" አለኝ እየወረደ።

ከዚያ ከኋላዬ የቆሙትን ጋሽ መኮንንን አየ። ጋሽ መኮንን ፊልም እንደማያዩ ያውቃል። ሳቁ ፊቱ ላይ ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ጠፋ። "እማ ደኅና ናት?" አለ። ጋሽ መኮንን ትከሻውን አቅፈው "ደኅና ናት ልጄ፣ ትንሽ አሟት ነው፤ ና ወደ ቤት" አሉት። ይበልጣል እንደ ሕፃን እጁን ሰጥቷቸው ተከተለ።

ሀብታሙ ብዙም ሳይቆይ ክፍሉን ለቆ ሄደ። ይበልጣል አንድም ቀን ክፉ ቃል አልተናገረውም፤ ሀብታሙን ያባረረው ይኸው ይመስለኛል። እኔ እዚያው ግቢ አለሁ። የፊልሙ ወዳጆች አሁን ካፒቴኑ አልሞተም፣ በሚቀጥለው ምዕራፍ ይመለሳል እያሉ ማስረጃ ይደረድራሉ፣ እስከ መጣላት ይደርሳሉ። እሰማቸውና ተነሥቼ እወጣለሁ። ያን እሑድ ለእማማ የሺ የነገርኳቸው ሁሉ እውነት ነበር፤ አንዱም አልጠቀማቸውም። ልጃቸው በሕይወት ነበር፤ ደቅ ላይ ነፋስ አስሮት በሰላም ተኝቶ አደረ። ከሐዘኑ ይልቅ እስካሁን ያልለቀቀኝ ንዴቱ ነው። በማን ላይ እንደምናደድ ብቻ አላውቅም።