ከተስፋ የወጣው ልጅ

ወጌሻ ነኝ። እንዲህ ስል አዋሽ ያሉ የአባቴ ጓደኞች የተሰበረ እጅ በቀርከሃ እያሰርኩ የምኖር ይመስላቸዋል። እኔ ግን የኳስ ወጌሻ ነኝ። ልጅ ሲወድቅ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ሜዳ እገባለሁ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ በረዶ አስራለሁ፣ ዳኛው «ቶሎ በል!» ሲለኝ በሆዴ እሰድበዋለሁ። አባቴ ከወሎ መጥቶ አዋሽ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሻይ ቤት ከፍቶ ነው ያሳደገን። እኔም ኳስ ተጫዋች እሆናለሁ ብዬ ነበር፤ ጉልበቴ እምቢ አለ። ጉልበቱ እምቢ ያለው ሰው የሌላውን ጉልበት ሲያሽ ይኖራል። ስለኔ ይሄ ይበቃል።

የማወራው ከአሳይታ ወዲያ ሐይቅ ዳር ካለው ከአፋምቦ ስለመጣው ልጅ ነው።

ሰመራ ላይ ያለ አንድ ክለብ ተስፋ ቡድን ውስጥ ነበር የምሠራው። ተስፋ ቡድን ማለት ሊግ የሚጫወት ክለብ ለነገ ብሎ የሚያሳድጋቸው ልጆች ናቸው። ከአሥራ ሰባት ዓመት በታች ይባላሉ። «ይባላሉ» ነው ያልኩት። አንዱ ተከላካያችን ጢሙን ጠዋት ተላጭቶ ለምሳ ሲመጣ በቅሎ ይጠብቀን ነበር፤ «ልጆችህን ትምህርት ቤት አደረስካቸው ወይ?» እያልን እናበሽቀዋለን። ይስቃል፣ እኛም እንስቃለን፣ ነገሩ እዚያው ያልቃል። በኳሱ ቤት ዕድሜ ሁሉም የሚያውቀው፣ ማንም የማያነሳው ነገር ነው።

አንድ ልጅ ወደ ዋናው ቡድን ሲሄድ ሬድዮ ላይ «ከተስፋ ቡድን አደገ» ይላሉ። እኛ ካምፕ ግን «ከተስፋ ወጣ» ነበር የሚባለው። ማን እንደጀመረው አላውቅም። ለውጭ ሰው ሟርት ነው የሚመስለው፤ ለልጆቹ ግን ከዚያ የሚበልጥ የምሥራች አልነበረም። «እገሌ ከተስፋ ወጣ!» ከተባለ ጀሪካን ይመታል፣ ይጨፈራል፣ የወጣው ልጅ ላይ ባልዲ ሙሉ ውሃ ይደፋበታል። በሰመራ ሙቀት ይሄ ትልቅ ሽልማት ነው።

የአፋምቦው ልጅ በግራ ክንፍ ነበር የሚጫወተው። ኳስ የተማረው ከደገኞቹ ነው፤ ለሸንኮራና ለጥጥ ሥራ ከሚመጡት የቀን ሠራተኞች። እነሱ ከሥራ ሲወጡ ሜዳ ይጠርጋሉ፣ እሱ ፍየሎቹን አቁሞ ያያል፣ ሰው ሲጎድላቸው ይጠሩታል። መጀመሪያ ታኬታ ያስገባሁለት ቀን «እግሬ አልተነፍስም አለኝ» ብሎ አውልቆ ሰጠኝ። ተረከዙ ድንጋይ ነበር። ሲመታ አይጮህም፤ «ያምሃል?» ስለው «ትንሽ» ይላል። «ትንሽ» ካለ ከሜዳ ማስወጣት እንዳለብኝ እያደር ገባኝ። አመለ ክፉ ነኝ፣ ልጆቹን እቆጣለሁ፤ እሱን ግን መቆጣት አልሆነልኝም። ወደድኩት፣ ሌላ ምን ልበል።

አዋሽ ለወዳጅነት ጨዋታ ሄደን ሳለ የዋናው ቡድን አሰልጣኝ አብሮን ነበር። ልጁ በዚያ አቧራ ላይ ተከላካዮቹን እንደ ጥላ አልፏቸው ሲያገባ አሰልጣኙ ከወንበሩ ተነሳ። «ይሄን ከየት አመጣችሁት?» አለኝ። ከዚያም ቀጥሎ በሚመጣው የታዳጊዎች ውድድር እንዲህ ከተጫወተ እንደሚወስደው ነገረን። ከጨዋታው በኋላ አባቴ ሻይ ቤት ወስጄ ጋበዝኩት፤ አባቴ ዋንጫ ያገኘን ይመስል ስኳሩን እጥፍ አደረገለት። ልጁ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት በኋላ ብቻውን ሜዳ ይወርድ ነበር። ሌላ ነገር አላሰበም። ያ ውድድር ለእሱ ሁሉም ነገር ነበር።

ውድድሩ ሲቃረብ አባቱ ከአፋምቦ ሊጠይቁት መጡ።

ረጅም፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው፣ በቢጫ ጀሪካን የግመል ወተት ይዘው። እንደአጋጣሚ በረኛችን ዋናው ቡድን የተጠራበት ቀን ነበርና ካምፑ በጩኸት ሊፈርስ ደርሷል። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ አንቱ የለም፣ እርስዎ የለም፣ ሁሉም አንተ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ? ሰው ሞተ?» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ በረኛው ከተስፋ ወጥቶ ነው።»

«ወጣ? የት ወጣ?»

«ወደ ትልቁ ቡድን። ዋናው ጋ ገባ።»

«ማሻአላህ!» አሉ። «ከተስፋ ወጣ» ብለው ደገሙት፤ ወደ ልጃቸው ዞር ብለውም አንድ ጊዜ ደገሙለት። ልጁ አፈረና መሬት መሬት አየ።

የቡድን መሪያችን አፋር ነው። ደግ ሰው፣ ልጁን ከእኔ ባልተናነሰ የሚወድ። ሁለቱ ግራሩ ሥር ተቀመጡ። አፋር ከአፋር ሲገናኝ «ደህና ነህ» ተባብሎ አያልፍም፤ ዳጉ ይለዋወጣል። ከየት መጣህ፣ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ፣ ዝናብ የት ጣለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ወለደ። የሚናገረው አይጨምርም፣ አይቀንስም። የሰማውም ለሚቀጥለው ሰው እንደሰማው ያደርሳል። በዳጉ የዋሸ ይቀጣል፤ ከዚያ ወዲያ ቃሉን የሚሰማው የለም። እኛ «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ብለን ያደግን ሰዎች ይሄን ስናይ መጀመሪያ እንስቃለን። ስልክ ሳይኖር አገሩን ሁሉ ያገናኘው ይሄ መሆኑን ስናውቅ ሳቃችን ይቀራል።

አፋርኛ መናገር ላይ ይስቁብኛል እንጂ እሰማለሁ። ሽማግሌው ስለ ግጦሽ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ታመመች ግመል ተናገሩ። ከዚያ ስለ ልጃቸው። ልጄ አልሐምዱሊላህ ለትዳር ደርሷል አሉ፤ የአክስቱን ልጅ ልናጭለት ነው የመጣሁት አሉ። ወንዙ ሞልቶ ፍየሎቹን የጠረገ ክረምት የተወለደ ልጅ ነው አሉ፣ በኩራት። ያን ጎርፍ የቡድን መሪው ያውቀዋል፤ የእሱንም አባት ፍየሎች ወስዷል። ጣቶቹን ማጠፍ ሲጀምር አየሁት። መሃል ላይ ተወው። ጣቶቹ አልቀውበት አልነበረም፤ ከአሥራ ሰባት ማለፉ ስለገባው ነው።

ሽማግሌው እዚሁ ሰመራ አጠገብ ሎጊያ ዘመድ ጋ ሊያድሩ ሄዱ። የቡድን መሪው ወደ እኔና ወደ ተስፋው አሰልጣኝ መጣና «ልጁን በዚህ ውድድር ማሰለፍ አልችልም» አለ።

«አልሰማሁም በላ!» አለው አሰልጣኙ።

«ሰምቻለሁ እኮ። ነገ ሎጊያ ላይ አንድ ሰው ‘ዳጉ?’ ቢለኝ ምን ልበለው?»

እኔ ተቆጣሁ። የሌሎቹ ጢም አይታይህም ወይ አልኩት፣ ጮህኩበት። የመለሰልኝን አልረሳውም።

«የሌሎቹን አባቶች አልሰማሁም» አለ።

ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ልጁ ውድድሩን ካልተጫወተ ዋናው ቡድን አይወስደውም፤ ለተስፋው ደግሞ ዕድሜው አልፏል። ጠዋት ቢሮ ጠርተው ነገሩት። «እሺ» ብሎ ማሊያውን አጥፎ አስረከበ። ዕድሜውን ማን እንደተናገረ ሲጠይቃቸውም ነገሩት፤ አባቱ ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ክፍሌ መጣና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«አባቴን ሸኘሁት፣ ጋሼ።»

«ነገርካቸው?»

«ነገርኩት። ዳጉ አለኝ። ከተስፋ ወጣሁ አልኩት።»

«ምን አሉ ታዲያ?»

«እጄን ሳመኝ።»

ወዲያው አልገባኝም። ቆይቶ ነው የገባኝ። ልጁ አልዋሸም፤ ከተስፋ ወጥቷል። ሽማግሌው ግን የሰሙት ቃል ከጭፈራና ከውሃ ጋር የሰሙትን ቃል ነው።

«ላስረዳው ነበር» አለኝ። «ግን ማን አስወጣህ ቢለኝ ምን እላለሁ? አንተ ነህ ልበለው? አባቴን?» ሽማግሌው ደስታቸውን ይዘው መኪና ላይ ወጥተዋል፤ ስልክ የላቸውም፤ ቢኖራቸውም ከብቶቻቸው ያሉበት ቦታ ኔትወርክ የለም።

ወሬው ግን ኔትወርክ አላስፈለገውም። በዚያው ሰሞን ሎጊያ በረዶ ልገዛ ስሄድ ጎማ የሚጠግነው ጎሚስታ «እንኳን ደስ አላችሁ፣ የአፋምቦው ልጅ ትልቁ ቡድን ገባ አሉ» አለኝ። ከአሳይታ የመጣች ወተት ሻጭም ሰምታለች። ሽማግሌው መኪናው በቆመበት ሁሉ ያገኙት ሰው ጋ እየተቀመጡ፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ፣ እያወሩ ነው የሄዱት። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዋሽተው የማያውቁ ሰው አገሩን ሁሉ ውሸት አጠገቡት፣ ሳያውቁት። ልጁ ይሄን ሲሰማ አፋምቦ መመለስ አበቃለት። ቢመለስ አባቱ በዳጉ የዋሹ ሰው ሊባሉ ነው። ሻንጣውን ይዞ በጭነት መኪና ወደ ጂቡቲ መንገድ ወጣና ዲቾቶ ቀረ፤ የከባድ መኪና ግራሶ መቀባት ጀመረ። ደውዬ «እግርህ እንዴት ነው?» ስለው «ትንሽ» ይለኛል። ስልኩን ዘግቼ አለቅሳለሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ዋናው ቡድን ሰመራ ላይ ሲጫወት ሽማግሌው መጡ። ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፤ እጥፋቱ እንዳለ ነው፣ አዲስ ነው። ከሕዝቡ መሃል ፈልገው አገኙኝና አጠገቤ ተቀመጡ። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር አዩት።

«የትኛው ነው? ዓይኔ ደክሟል» አሉኝ።

ተጎድቶ ነው ማለት እችል ነበር። ወጌሻ ነኝ፣ ማን ይጠራጠረኛል። አፌን ስከፍት እጄን ያዙኝና «ዳጉ» አሉኝ። እንደ ወገናቸው ቆጥረው። ያን ካሉኝ በኋላ መዋሸት አልሆነልኝም። የለም፣ አባባ፣ አልኳቸው። ከተስፋ የወጣው ወደ ትልቁ ቡድን አይደለም፣ ወደ ውጭ ነው፤ በረኛው የወጣበት በር ሌላ ነው፣ እሱ የወጣበት ሌላ ነው። ዲቾቶ ነው ያለው አልኳቸው።

ሕዝቡ ጎል ገብቶ ተነስቶ ነበር፤ እኛ ተቀምጠናል።

«ምን አጥፍቶ?» አሉ።

«ምንም። ዕድሜው አልፏል ብለው ነው።»

«ዕድሜውን ማን ነገራቸው?»

መልስ አላስፈለጋቸውም። በትራቸውን ሲጨብጡ አየሁ፤ ግራሩን፣ ጎርፉን፣ የቡድን መሪውን ጣቶች እያስታወሱ ይመስለኛል። ከዚያ ተነሱ።

«አባባ፣ ምሳ እንብላ፣ ከዚያ መኪና ላይ ላሳፍርዎ» አልኳቸው።

«መኪና አይሆንም። መንገድ ላይ የነገርኳቸውን አላገኛቸውም» አሉ። «እስከ አፋምቦ ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። ቃሌን ልመልስ ነው።»

በእግራቸው ሄዱ። የሆነውን በኋላ ከጎሚስታው ሰማሁ፣ ቀጥሎም ከወተት ሻጯ፤ ሁለቱም ቃል በቃል አንድ ነው የነገሩኝ። ሽማግሌው እያንዳንዱ ሰው ጋ ተቀምጠው «የነገርኩህ ልክ አይደለም። ልጄ አልዋሸኝም፣ ቃሉ ያልገባኝ እኔ ነኝ። ከቡድኑ ያስወጣሁትም እኔ ነኝ» ይሉ ነበር። ማንም አልቀጣቸውም። ማን ይቀጣቸዋል?

ወሬው ዲቾቶ ሲደርስ ልጁ ደወለልኝ። ከአንድ የመኪና ረዳት ነው የሰማው። እንዲያ ሲያለቅስ ሰምቼው አላውቅም።

«ጋሼ፣ በአላህ፣ ዝም በል በለው!»

«አንተ ሂድና በላቸው። አሁን እኮ የሚያስፈራህ የለም፤ መንገዱን ሁሉ አጽድተውልሃል።»

«አሁንማ በምን ዓይኔ አየዋለሁ» አለኝ። «ለእኔ ብሎ አገር ፊት ራሱን እንዲህ ካለ በኋላ።»

ተቆጣሁት፣ ለመንኩት፣ አባቴም ከአዋሽ ደውሎ መከረው። አልሄደም። አባቱ እንዳይዋረዱ ብሎ ቀረ፣ ከተዋረዱ በኋላ ደግሞ በሐፍረት ቀረ። ዛሬም ዲቾቶ ነው።

ሽማግሌው አሁንም ለገበያ ሎጊያ ይመጣሉ። የሚያገኛቸው ሰው ዳጉ ይጠይቃቸዋል፤ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ሐይቁ፣ ስለ ግመሎቹ ይነግሩታል። ዲቾቶ መኖሩን ከሰው ሰምተዋል እንጂ ከራሱ አፍ የሰሙት የለም፤ ልጅህስ እንዴት ነው ሲላቸው «አላውቅም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።