ጎረቤት ያደሰው አሮጌ ዕቃ

እትዬ አቧራ ቀኝ እጇን የሰበረችው ከሰው ቤት ቆጥ ላይ አሮጌ ሬዲዮ ስታወርድ ነው። ከመሰላሉ ስትወድቅ ሬዲዮውን እንደ ሕፃን አቅፋው ስለነበር እሱ አንድም ነገር አልሆነም። ልጇ ከሐኪም ቤት ደውላ፣ «ጋሼ፣ ጀሶው እንኳ ሳይደርቅላት ስለ ሬዲዮው ነው የምትጠይቀኝ። እርስዎ ጋ ነው ይበሏት እባክዎ» አለችኝ። እኔ ጋ ነው አልኩ። እውነትም ደብተር ከምደረድርበት መደርደሪያ ሥር ተቀምጦ ነበር፤ ተሸካሚዎች የሚያመጡላትን ዕቃዎች ሁሉ እየተቀበልኩ የማስቀምጠው እኔ ነኝ።

የምሠራው በአንድ ትልቅ የገበያ አዳራሽ ውስጥ ነው። ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ፣ ፎቶኮፒ አነሳለሁ። የእሷ ሱቅ ከእኔ ፊት ለፊት፣ ደረጃው ሥር ነው፤ ጣሪያው ወደ ኋላ እየዘቀዘቀ ስለሚሄድ ወደ ውስጥ የገባ ሁሉ ሳያስበው አንገቱን ይደፋል። እሷም ገዢ በገባ ቁጥር፣ «ኧረ ቀና በል፣ ንግሥት አይደለሁም» ትላለች። ስለ እሷ ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሰው አይጠፋም። ግን ያ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ፊት ለፊቷ አልተቀመጠም።

ስሟን ያወጣላት ጫማ ሰሪው ነው። ገና እንደመጣች ሰሞን አንድ የቆየ ምንጣፍ በሩ ላይ አራግፋበት ቀኑን ሙሉ ሲያስነጥስ ዋለ፤ ከዚያ በኋላ እትዬ አቧራ ሆና ቀረች። በዕድሜ ብትበልጠኝም አንቱ ስላት ትቆጣለች። «አሮጌው ዕቃው ነው እንጂ እኔ ምን ሆኜ!» ትለኛለች።

ከዚህ በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ሠርታለች። የቱ እድፍ በልመና፣ የቱ በቁጣ እንደሚለቅ የተማረችው እዚያ ነው። ትልልቆቹ ማሽኖች ሲመጡ ሠራተኛው ተቀነሰ። እሷም ሊጣል የነበረ ጠርዙ ሰማያዊ የሆነ ነጭ ሳፋ ለምና ይዛ ወጣች። ሳሙና ልትሸጥበት በሯ ላይ ብታስቀምጠው፣ አንዲት መንገደኛ ሳሙናውን ትታ ሳፋውን ገዛቻት። «ያን ቀን ነው ዓይኔ የተገለጠው» ትላለች።

ዕቃ ፍለጋ የምትሄደው ሰው ቤት ሲለቅ ነው። የጭነት መኪናው ሳይሄድ በር አታንኳኳም። መኪናው ቆሞ ሳለ ሰው ለሁሉም ነገር ይሳሳል፤ መኪናው ሲሄድ ግን የተረፈው ይከብደዋል። ያገኘችውን ቤቷ ወስዳ የማዕድ ቤት ጠረጴዛዋ ላይ ትዘረጋዋለች። ቤቷ ሁለት ክፍል ናትና ልጇ ብዙ ጊዜ እራቷን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ ትበላለች፤ ጠረጴዛውን አንድ የተፈታታ የግድግዳ ሰዓት ይዞታላ። መሣሪያዎቿ ያለቀ የጥርስ ብሩሽ፣ የሟች ባሏ የጢም ብሩሽ፣ የብስክሌት መንፊያና ሎሚ ናቸው። ትጠርጋለች፣ ታብሳለች፣ ከዚያ ታቆማለች። ማቆሟ ብዙ ጊዜ አይገባኝም ነበር። «ትንሽ ቢጨመርበት እኮ ያበራል» ስላት፣ «እንዲያበራ የፈለገ አምፖል ይግዛ» ትለኛለች።

ሌላም ልማድ ነበራት። እያንዳንዱ ዕቃ ላይ ትንሽ ካርድ ታንጠለጥላለች፤ ካርዱ ላይ የሚጻፈው የዕቃው ጉድለት ነው። ጽሕፈትህ ያምራል ብላ የምታስጽፈው እኔን ነው። «አንዱ እግር የራሱ አይደለም»፤ «ይህ ሰዓት ሲያሰኘው ይሄዳል»፤ «ክዳኑ ይጠብቃል፣ አትታገሉት»። ሻጭ ጉድለቱን ሲደብቅ እንጂ ሲያስጽፍ አይቼ ስለማላውቅ መጀመሪያ ላይ እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ግን አንድም ዕቃ ተመልሶ ሲመጣባት አላየሁም።

እጇ የተሰበረው በክፉ ቀን ነው። የአዳራሹ ኃላፊ ሰኞ ዞሮ እንደሚያይ፣ መጋዘን የሚመስል ሱቅ ሁሉ ወደ ጓሮ፣ ፍሳሽ መውረጃው ጋ እንደሚዛወር አስታውቆ ነበር። እዚያ ዝንብ እንጂ ገዢ አይደርስም። የእሷ ሱቅ ደግሞ ያን ሳምንት ከመጋዘንም የባሰ ነበር። ከአንድ ቤት ያመጣቻቸው ዕቃዎች ሳይነኩ እንደ ማገዶ ተከምረው ነበር። ከሐኪም ቤት ወደ ቤቷ ስትመለስ ደግሞ ሐኪሙ እስከ እሑድ ከአልጋ እንዳትወርድ አዘዛት።

ሐሙስ ጠዋት ጫማ ሰሪው፣ አናጢውና ቁልፍ ሠሪው እኔ ሱቅ በር ላይ ተሰበሰቡ።

«እና እኛ እያለን ፍሳሽ ዳር ልትቀመጥ ነው?» አለ ጫማ ሰሪው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው» አለ አናጢው። «እንከፋፈለው።»

ተከፋፈልን። ቡኒ የቆዳ ሻንጣውን ጫማ ሰሪው ወሰደ። የነሐስ ማንቆርቆሪያው ለቁልፍ ሠሪው፣ የጽሕፈት ጠረጴዛው ለአናጢው ደረሰ። ለእኔ ሬዲዮው ደረሰኝ፤ የፊቱን ጨርቅ በሳሙና አጥቤ የጎደለውን የጣቢያ መቀየሪያ መዘውር እንድገጥምለት። ሦስቱ ሰዎች ሦስት ቀን የራሳቸውን ደንበኛ እየመለሱ ሠሩ። እኔ ሬዲዮውን ሦስት ጊዜ ጠረጴዛ ላይ አውጥቼ ሦስት ጊዜ መለስኩት። ብነካው የሚፈርስ መሰለኝ። በመጨረሻ ጋዜጣ አልብሼ ከደብተሮቹ ጀርባ ደበቅኩትና ማንም እንዳይጠይቀኝ መጸለይ ጀመርኩ።

እሑድ ከሰዓት እትዬ አቧራ እጇን በአንገቷ አንጠልጥላ፣ በልጇ ተደግፋ መጣች። ሦስቱ ሰዎች እንደ ሚዜ ተሰልፈው ይጠብቋት ነበር።

ሻንጣው ጥቁር ሆኗል። ጫማ ሰሪው በሚያውቀው መንገድ፣ በጥቁር የጫማ ቀለም ሦስት ጊዜ ለቅልቆ፣ ፊት እስኪያሳይ ድረስ ወልውሎታል። ማንቆርቆሪያውን ቁልፍ ሠሪው በመሞረጃ ማሽኑ ሞርዶ፣ ዛሬ ከፋብሪካ የወጣ አስመስሎታል። ጠረጴዛውን አናጢው ላይ ላዩን ልጎ ቫርኒሽ ቀብቶታል። የቀለም ጠብታው፣ የሲጋራ ቃጠሎው፣ ስንት ሰው ክንዱን አስደግፎበት ትንሽ የጎደጎደው ጠርዝ፣ ሁሉም የለም።

«እትዬ፣ አዲስ አደረግሁልሽ!» አለ አናጢው።

እሷ በግራ እጇ ጠርዙን ዳሰሰች። ጎድጉዶ የነበረውን ቦታ እየፈለገች እንደሆነ ገባኝ። እሷም፣ «እግዜር ይስጣችሁ፣ እናንተ ልጆች» አለችና ወደ እኔ ሱቅ ገብታ ካርቶን ላይ ተቀመጠች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ተናደድሽ» አልኳት በሹክሹክታ።

«ጠረጴዛውን ገድለውታል» አለች። «ሻንጣውንም እንደዚያው። ነገ ኃላፊው ሲመጣ አሮጌ ዕቃ የሌለው የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ነው የሚያየው።» አፍንጫዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። «ግን ሦስት ቀን ሥራቸውን ዘግተው ነው የገደሉት። እኔ ሃያ ዓመት የሰው አንሶላ ሳጥብ ኖርኩ፤ ለእኔ ብሎ አንድ ነገር ያጠበልኝ ሰው አይቼ አላውቅም። እንዴት አድርጌ ነው የምናደደው?» ከዚያ ዞር ብላ፣ «የኔ ሬዲዮስ?» አለች።

ጆሮዬ ድረስ ቀላሁ። ጋዜጣውን ገፍፌ አሳየኋት። አቧራው እንዳለ ነው፤ ጨርቁ እንደተበላ፣ መዘውሩም እንደጎደለ ነው።

«ምንም አልነካሁትም» አልኩ። «ፈራሁ።»

ሳቀች። ጀሶው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ተባረክ! ሰነፍ ጎረቤት ስጠኝ ብዬ መጸለይ ነበረብኝ። በል አሁን ካርዶችህን አውጣ። እኔ ልናገር፣ አንተ ጻፍ።»

ያን ቀን አመሻሹ ላይ በአገጯና በግራ እጇ እያዘዘች ሱቁን ደረደርንላት። ሬዲዮውን በጢም ብሩሹ ብቻ ጠርጌ መሐል አስቀመጥኩት። ማንቆርቆሪያውን፣ ማሽኑ ያልደረሰበት ጥቁር ቂጡ እንዲታይ፣ በጎኑ አጋደመችው። ጠረጴዛውን ደግሞ አዞረችው፤ ግድግዳ ሲታከክ የኖረው ጀርባው በጭረት የተሞላ ነበርና እሱ ወደ ገዢው ሆነ። አናጢው ሲያኮርፍ፣ «ፊቱ ለሚቀመጥበት ነው፤ ያንተን ሥራ የሚያየው ባለቤቱ ነው» አለችው። እውነት ለመናገር ካርዶቹን ሲያነብ ግን ሁለተኛ አኮረፈ። ጫማ ሰሪውማ ጮኸ፤ «አንቺ ሴትዮ፣ በአደባባይ ልታዋርጂኝ ነው?»

«ጉድለት አልደብቅም፤ ታውቀኛለህ» አለችው። «የመጨረሻውን መስመርስ አንብበኸዋል?»

አነበበው። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራርጎ ወደ ሱቁ ሄደ።

ሰኞ ኃላፊው መጣ። ቁጡ ሰው ነው፤ ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቶ ደረጃው ሥር ሲገባ እንደ ሁሉም ሰው አንገቱን ደፋ። እሷ የወትሮ ቀልዷን ትታ ከመቀመጫዋ ተነሳች። ዓይኑ መጀመሪያ ጥቁሩ ሻንጣ ላይ አረፈ።

«ይሄ አዲስ አይደለም እንዴ? አሮጌ ዕቃ ነው የምትሸጪው ብለውኝ ነበር።»

«ካርዱን ያንብቡልኝ» አለች።

ካርዱን ገልብጦ ጮክ ብሎ አነበበው። «ይህ ሻንጣ ቡኒ ነበር። እጄ በተሰበረ ጊዜ ጎረቤቴ ጫማ ሰሪው እንደ ጫማ ወለወለው። በዝናብ ጊዜ ልብስዎን ሊያጠቁር ይችላል። እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጥዎ።»

ሳቁን ለመደበቅ አፉን በደብተሩ ሸፈነ። ወደ ማንቆርቆሪያው ሄደ። «ቁልፍ ሠሪው በማሽን ሞረደው። ራሱ ተመልሶ ያረጃል፤ አያስቸኩሉት። እንዲህ ያለ ጎረቤት ይስጥዎ።» ወደ ጠረጴዛው ሄደ። ወደ ሬዲዮው ሄደ። የሬዲዮው ካርድ ላይ፣ «አይናገርም። እንዲያድሰው የተሰጠው ሰው ፈርቶ ተወው፤ እግዜር ይስጠው» ይላል። እዚያ ላይ ሳቁን መቋቋም አቃተውና ሳቀ። ከዚያ ደብተሩን በብብቱ ይዞ ተሻግሮ ጫማ ሰሪውን፣ «በጥቁር የለወስከው አንተ ነህ?» ሲለው፣ አንድ ሁለት ገዢዎችም ነገሩን ለማየት ተከተሉት። ትንሽ ቆይቶ ደረጃው ሥር አንገታቸውን ደፍተው ካርድ የሚያነቡ ሰዎች መተላለፊያውን ዘጉት።

ኃላፊው ሲወጣ፣ «መጋዘን ውስጥ ሰው ቆሞ አያነብም» አላት። «እዚሁ ቆዪ።»

እሷ ነገሩን ሊሰማ የመጣውን የጫማ ሰሪውን ትከሻ በደህናው እጇ ይዛ ቆመች።

ሻንጣው በዚያው ሳምንት ተሸጠ፤ ገዢው ካርዱንም አብሮ ካልወሰድኩ ብሎ ነው የወሰደው። ማንቆርቆሪያው ውሎ አድሮ እየጠቆረ ነው። ጀሶው ተፈትቶ እጇም ድኗል። ጠረጴዛውን ግን አልሸጥም አለች፤ ወደ መተላለፊያው አውጥታ፣ ፊቱን ወደ እኛ አዙራ አስቀመጠችው። ምሳ ሰዓት ላይ ከእሷ ጋር አምስታችንም እዚያ እንቀመጣለን። አናጢው ክንዱን ካነሳ ትጮህበታለች። «አስደግፍ! የላግከውን በክንድህ መልስ!» እሱም፣ «ስንት ዓመት ይፈጃል?» ሲላት፣ «ምን ቸኮልክ፣ ሁላችንም እዚሁ ነን» ትለዋለች።

ይህን ስጽፍ እኔም ክንዴን ጠርዙ ላይ አስደግፌያለሁ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ሴት ዋጋውን ስትጠይቅ፣ እትዬ አቧራ ካርዱን እንድታነብ በአገጯ አመለከተቻት። በእጄ ጽሕፈት የተጻፈው፣ «አይሸጥም፤ ገና እያረጀ ነው» ይላል።