ከ«ደህና ነኝ» በኋላ

እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት ሆቴሎቹ ሲዘጉ እኔ ዘ ስትሪፕ በሚባለው የቁማር ቤቶች ጎዳና ላይ ባለ አንድ ካዚኖ በር የእንግዶችን መኪና ፓርክ የማደርግ ሠራተኛ ነበርኩ። ሥራው ቆመ። ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር በተከራየሁት ክፍል ተቀምጬ ማንም ሳያዘኝ ስለ ሙቀት ማንበብ ጀመርኩ። አስፋልት ቀን የዋጠውን ፀሐይ ማታ እንዴት እንደሚተፋው፣ ዛፍ ያለበት መንገድ ከሌለበት ለምን እንደሚቀዘቅዝ፣ ላብ ማውጣት ያቃተው የሰው ገላ ምን እንደሚሆን ከዚህም ከዚያም ለቃቅሜ ተማርኩ። በቤተ ክርስቲያናችን የስልክ ግሩፕ «አማርኛ የሚችል በጎ ፈቃደኛ ይፈለጋል» የሚል መልእክት ሲመጣ ቶሎ የመለስኩትም በዚህ ምክንያት ነው።

ፈላጊው የምንኖርበት የበረሃ ሸለቆ ከተሞች በጋራ ያቋቋሙት ምክር ቤት ነበር። ውኃ የሚፈጅ ሣር ያስነቅላል፣ ጥላ በሌላቸው ሰፈሮች ዛፍ ያስተክላል፣ በጋ ሲገባ ደግሞ ብቻቸውን ለሚኖሩ አረጋውያን ስልክ ያስደውላል። በጣም በሚሞቅባቸው ቀናት ደውለን ሦስት ነገር እንጠይቃለን፦ ደህና ነዎት? የቤት ማቀዝቀዣዎ፣ ኤሲው፣ ይሠራል? የሚጠጣ ውኃ አለዎት? ከመልሶቹ አንዱ «የለም» ከሆነ ምክር ቤቱ ወዲያው ሰው ይልካል። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በጋለ ቤት ውስጥ ብቻውን ያለ ሰው፣ ሳይረፍድበት፣ «ደህና አይደለሁም» ማለት በመቻሉ ላይ ነበር።

የእኛ ሰዎች እንዲህ አይሉም። የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳልጨርስ «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንተስ? ቤተሰብስ? ሥራው ተከፈተ?» ይሉኛል። አንዴ ፈጣሪ ከተመሰገነ በኋላ ተመልሶ «ኤሲው ግን ተበላሽቷል» ማለት ምስጋናውን እንደ መንጠቅ ይሆንባቸዋል። ስለዚህ ሁለተኛውና ሦስተኛው መልስ የመጀመሪያውን ተከትሎ ይወርዳል፤ ይሠራል፣ አለ፣ ተመስገን።

ዊትኒ በሚባል ሰፈር የሚኖሩ አንድ አዛውንት ነበሩ። በሰማኒያዎቹ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በሆቴል ወጥ ቤት ዕቃ ሲያጥቡ የኖሩ፣ ሚስታቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ። ጋሼ እላቸዋለሁ። እሳቸው ኦርቶዶክስ ናቸው፤ እኔ የየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሆንኩ ከሰሙ ወዲህ ግን በደወልኩ ቁጥር «ጴንጤው የንስሐ አባቴ መጣ» ይሉኛል። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥያቄ ስለምጠይቃቸው ነው።

አንድ ከሰዓት በኋላ ደውዬ ስለ ኤሲው ስጠይቃቸው ቤቱን ደብረ ብርሃን አድርጎታል አሉኝ። ከድምፃቸው ኋላ ግን ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። የመኪና ፍሬቻ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ውስጥ ገብቼ ስወጣ የኖርኩ ስለሆንኩ አይጠፋኝም።

«ጋሼ፣ እየነዱ ነው?»

«ተቀምጫለሁ» አሉ።

«የት ሊሄዱ?»

«የትም። እዚሁ በሬ ላይ።»

የቤቱ ኤሲ ሥራ ካቆመ ሰንብቶ ነበር። ቀኑን የሚያሳልፉት የቆመች መኪናቸውን ሞተር አስነሥተው፣ የእሷን ቅዝቃዜ እየተጋሩ ነው። ፍሬቻውን ክንዳቸው ሳያውቁት ነክቶት ነበር። ለምን እንዳልነገሩኝ ስጠይቃቸው ተቆጡ። «እንዴት ነህ ላለ ሰው ሁሉ ሸክም ታስረክባለህ እንዴ?» አሉኝ።

ለምክር ቤቱ አስተባባሪ ደወልኩላት። በዚያው ቀን ሰው ላከች፣ ኤሲውም ተጠገነ። በቀጣዩ ስብሰባ በስክሪን ላይ፣ ብዙ መናገር ባልወድም፣ ሐሳቤን አቀረብኩ። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው መልስ ሰላምታ ነው፤ ኤሲው ይሠራል ወይ ከማለት ግድግዳው ላይ ያለው የሙቀት መለኪያ ቁጥር ስንት ይላል፣ አሁን የት ነው የተቀመጡት ብንል ይሻላል፤ ከመለሱም በኋላ ትንሽ ዝም እንበል አልኩ። አስተባባሪዋ አላጣጣለችውም። ጥያቄው በሁሉም ቋንቋ አንድ ካልሆነ የትኛው ሰፈር ይበልጥ እንደተጎዳ ማወዳደር እንደማይቻል አስረዳችኝና ለሚቀጥለው ዓመት እናየዋለን አለች። ያለችው ምክንያት ነበረው። እኔ በራሴ መንገድ መጠየቄን ቀጠልኩ።

በዚያው መከር ምክር ቤቱ ጋሼ ቤት ፊት ለፊት፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ጎን፣ አንዲት ችግኝ አስተከለ። ጋሼ ጎመን ያጠቡበትን ውኃ እየወሰዱ ያጠጧት ነበር። «ጥላዋ ለልጅ ልጅ ነው» አሉኝ ልጠይቃቸው የሄድኩ ቀን። «እኔ ደግሞ ልጁም የለኝ።» ከማስካቸው በላይ ዓይናቸው ሲስቅ አየሁ።

በ2021 ሆቴሎቹ ተከፈቱ። ሺፍቴ ሞላ፣ ኦቨርታይም ተደረበበት። ስልኩን ከእኔ የተረከበችው እዚሁ የተወለደች የኮሌጅ ተማሪ ናት። አማርኛዋ የእንግሊዝኛ ድምፅ አለው፤ «እርስዎ» ማለት ግን አትስትም። ስለ መኪናው፣ ስለ ፍሬቻው፣ ከምስጋናው በኋላ ደግሞ መጠየቅ እንደሚያስፈልግ ሁሉንም ነገርኳት። በጥሞና ሰማችኝ። ነገር ግን እናቷ ትልቅ ሰው አንዴ ከመለሰ ደግሞ መጠየቅ ውሸታም ማለት ነው ብለው አሳድገዋታል።

በዚያ በጋ የጋሼ መኪና አልነሣ ብላ ቆመች። ኤሲውም እንደገና ተበላሸ። ይህን ያወቅነው ኋላ ነው። ልጅቷ ስትደውልላቸው ደህና ነኝ፣ ተመስገን ብለው ስለ ትምህርቷ ጠየቋት፤ መረቋት። እሷም አሜን ብላ ዘጋች። በማግስቱ ጎረቤታቸው ከችግኟ ሥር ያለው አፈር ደርቆ አየና በራቸውን አንኳኳ። የከፈተለት ሰው አልነበረም።

ለቅሶው በቤተ ክርስቲያናቸው አዳራሽ ሆነ። ወንበሮቹ ተራርቀው ተደርድረዋል። ልጅቷ የራሷን ስባ አጠገቤ መጣች።

«ደህና ነኝ ብለውኝ ነበር» አለች። «መርቀውኛል እኮ።»

«እኔንም ሁሌ ይሉኝ ነበር።»

«አንተ ግን ሰማሃቸው።»

«የሰማሁት መኪናዋን ነው። እሷ ባትኖር እኔም አሜን ብዬ ነበር የምዘጋው።»

ያጽናናት አይመስለኝም። ላጽናናት ብዬም አልነበረም፤ እውነቱ ይኸው ስለሆነ ነው።

አስተባባሪዋ ደውላ አዘነች። የአማርኛውን ጥያቄ እንደምታውቁት ጠይቁ አለችን። ልጅቷ ግን ከዚያ ወዲያ ስልክ ማንሣት ፈራች፤ ሥራ በማልገባበት ቀን አጠገቧ እንድቀመጥ ለመነችኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን ጓሮ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር ተቀመጥን። ስፕሪንግ ቫሊ ለሚኖሩ አንዲት እናት ደወለችና ድምፁን ከፍ አደረገችው።

ተመስገን አሉ ሴትየዋ። ትምህርቷን ጠየቁ። ልጅቷ ግድግዳው ላይ ያለው ቁጥር ስንት እንደሚል ጠየቀቻቸው፤ መነጽሬ ርቆብኛል፣ ደህና ነው ግን አሉ።

ልጅቷ ዝም አለች። ልናገር ስል ክንዴን ያዘችኝ። ከስልኩ ውስጥ የሴትየዋ ትንፋሽ ብቻ ይሰማ ነበር፤ አጭር ነው፣ ቶሎ ቶሎ ይወጣል። ዝምታው እስኪያሳፍር ድረስ ረዘመ። ልጅቷ አልቆረጠችውም፤ እንባዋ ማስኩ ላይ ይወርዳል።

«ትንሽ» አሉ ሴትየዋ በመጨረሻ። «ትንሽ ሞቆኛል፣ ልጄ።»

«እሺ እማማ» አለች፣ ድምፅዋ ሳይንቀጠቀጥ። «ስልኩን አይዝጉት። በሩን ብቻ ከፍተው ይጠብቁን።»

የመኪናዬን ቁልፍ አንሥቼ ነበር።